ዘበኛውን ማን ቀሰቀሰው

ባሏ ሚስማር ሲጎርስ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቢውጠውስ?» ብሎ ነው። እሷ ሶፋ ሠሪ ካገባች ጀምሮ ይህን ስትጠየቅ ስለኖረች መልሱን አታስብበትም። «እስከ ዛሬ የዋጠው ንግግሩን ብቻ ነው» ትልና ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች።

እውነቷን ነው። ሶፋ ሠሪው ሥራ ሲጀምር ራሳቸው ጠፍጣፋ የሆኑትን አጫጭር ሚስማሮች በጭብጡ አፍሶ ወደ ግራ ጉንጩ ይወረውራቸዋል። ከዚያ በምላሱ አንዷን ይመርጣል፤ ያገላብጣታል፤ ራሷን አስቀድሞ በከንፈሮቹ መካከል ብቅ ያደርጋታል። ጫፉ ማግኔት የሆነው መዶሻ ይመጣና ከከንፈሩ ላይ ይለቅማታል። ጠቅ፣ ጠቅ። አንዷ ጨርቁን ነክሳ ስትቀር ሌላዋ ከንፈሩ ላይ ደርሳለች። አንዱ እጁ ጨርቅ ይወጥራል፣ ሌላው ይመታል፣ አፉ ያቀብላል። ከግቢው ማዶ የሶፋ እንጨት የሚያቆምላቸው አናጢ «ጥርሰ ብረት» የሚል ስም ያወጣለትም ለዚህ ነው።

አፉ ሚስማር የሞላ ሰው ያለችው ቃል አንዲት ናት፤ «እም»። እሷ ግን ይህችን አንዲት ቃል ከፋፍላ ታውቃታለች። አጭሯ «እም» አዎ ናት። ረዘም ብላ ወደ ታች የምትወርደው አይሆንም ናት። ወደ ላይ የምትነሳው መቀሱን አቀብዪኝ ናት። ሁለቴ ስትደጋገም ደግሞ፣ አናጢው እየመጣ ነው፣ ሥራ የበዛብሽ ምሰዪ ማለት ናት።

ነገሩ የጀመረው ከትራሱ ነው። ጠዋት አልጋ ስታነጥፍ የትራሱ ልብስ ላይ የደረቀ ደም ታገኝ ጀመር። ቀጥሎ የገመጠው ዳቦ ላይ አየች። ከዚያ ጥርሶቹ የረዘሙ መሰሏት፤ ጥርስ በዚህ ዕድሜ አያድግም፣ የሸሸው ድዱ ነው። «ሚስማር ጭሮኝ ነው» ሲላት ተቀበለችው። በኋላ ግን ሲያዛጋ አየችው። በግራ በኩል፣ ሚስማሮቹ በሚያርፉበት የታችኛው ድድ ላይ፣ ቀይም ነጭም ያልሆነች ቦታ። ዕድሜ ልኳን ጨርቅ ስትመርጥ የኖረች ሴት ናትና ዓይኗ ቀለም ይለያል፤ ይህንን ግን ምን ብላ እንደምትጠራው አላወቀችም። እየጎተተች ጥርስ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ እጆቿ ትንንሽ፣ ንግግሯ ቀጥታ። በቀጭን ዘንግ ድዱን በየጥርሱ ጥግ እየለካች ዞረች። በነካችው ሁሉ ደም ብቅ ይላል።

«አባባ፣ ይሄ የቆየ የድድ በሽታ ነው» አለች። «ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል። ኪሱ ውስጥ የገባው ቆሻሻ ደግሞ ድንጋይ ሆኗል። አደንዝዤ ከሥር ከሥሩ እፍቀዋለሁ፤ ከዚያ እርስዎ በደንብ ከተንከባከቡት ተመልሶ ይጠብቃል። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የመገጣጠሚያ» አለች ሚስት። ከቦርሳዋ የኪኒኑን ካርቶን አውጥታ ሰጠቻት።

ሐኪሟ አነበበችና «እም» አለች። ይህኛዋ «እም» ከምታውቃቸው ውስጥ አልነበረችም።

«የሰውነትን የመከላከል አቅም ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት ነው» አለች ሐኪሟ። «ዝቅ ሲል ድዱም ራሱን መከላከል ይከብደዋል። መድኃኒቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያስፈልጋቸዋል። እኛ ጠበቅ አድርገን መከታተል ነው ያለብን። ያቺን ቀለሟ የተለየውን ቦታ ደግሞ…»

«ደግሞም አለ?» አለች ሚስት።

«እናያታለን። ስናጸዳው ሌላው ድድ ይድናል። አብራ ከዳነች ተራ ቁስል ነበረች ማለት ነው። ሁለት ሳምንት አልፎ እሷ ብቻ ከቀረች ግን ቅንጣት ያህል ቆርጠን ለምርመራ እንልካለን።»

«ምኑ ነው የሚመረመረው?»

ሐኪሟ ዓይኗን አላሸሸችም። «የአፍ ካንሰር እንዳይሆን ነው። ነው አላልኩም። ድዳቸው ለረጅም ጊዜ ተቆጥቶ በኖረ ሰዎች ላይ በዛ ብሎ ይታያል፤ አንዱ ሌላውን ያመጣው እንደሆነ ግን ገና ጠርቶ አልታወቀም። እስከዚያው ምንም የሚቧጭር ነገር ወደ አፍ እንዳይገባ። ሚስማሩን ማለቴ ነው፣ አባባ።»

ሶፋ ሠሪው እንደ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ቤት በእግራቸው ተመለሱ። ካንሰር የሚለው ቃል አስፈርቷታል፤ ግራ ያጋባት ግን እሱ አይደለም። ለዚያ ቃል መፍራት ይበቃዋል፣ ማሰብ አይፈልግም። ግራ ያጋባት ዘበኛው ነው።

ዘበኛውን ያመጣው የመገጣጠሚያ ሐኪሙ ነበር፤ ምሳሌ የሚወድ ሽማግሌ። የባሏ ጣቶች ያበጡ ጊዜ፣ «የሰው አካል ዘበኛ አለው» ብሎ ነበር የጀመረው። «የእርስዎ ዘበኛ ሰክሯል። ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ነው የሚደበድበው። ይሄ ኪኒን ዘበኛውን ያስተኛልዎታል።» ኪኒኑ በእርግጥም አስተኛው፤ የጣቶቹ እብጠት ጎደለ፣ መዶሻውም ወደ እጁ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ይህቺ ልጅ፣ ዘበኛው በመተኛቱ በአፍ በኩል ያለው በር ሳይጠበቅ ቀርቷል የምትል ይመስላል። ቢነቃ ይማታል፣ ቢተኛ ያሰርቃል። ምን ዓይነት ዘበኛ ነው? እንዲህ ያለውንስ ማን ቀጠረው?

«ገባህ?» አለችው በራቸው ላይ ሲደርሱ።

«ገብቶኛል።»

ምን እንደገባው መጠየቅ ነበረባት። ግን ከሁለት አንዳቸው መረዳታቸው እረፍት ስለሰጣት እንዲያው ተወችው።

ድዱ በሁለት ቀጠሮ ተፋቀ። ለስላሳ ብሩሽ ተገዛ፤ ባልም እንደታዘዘው ጠዋትና ማታ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ልክ ቆዳ እንደሚወለውል ሰው በቀስታ ይቦርሽ ጀመር። ሚስማሮቹ ወደ አንድ ቆርቆሮ ተዛወሩ። አፉ ባዶ የሆነ ባል ምን ያህል እንደሚያወራ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ስለ ስፖንጅ ጥራት ያወራል፣ ስለ ድሮ የሶፋ ሞላ ያወራል፣ ጣቱን ሲመታ የመዶሻውን ዘር ማንዘር እየጠራ ያወራል። ከቆርቆሮው ሚስማር መልቀም አልሆነለትም፤ አንዷን ሊያነሳ ሲል ሦስቱ ይወጉታል።

አናጢው ለማየት መጣ። «ጥርሰ ብረት ጡረታ ወጣ አሉኝ» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ለምን በአየር የሚሠራውን መምቻ አትገዛም? ተፍ ተፍ ነው፣ ወዲያው ያልቃል።»

«እሱ ሶፋ መሥራት አይደለም፣ ሶፋ መተኮስ ነው።»

«ሶፋው ቢሞትስ ማን ያውቅብሃል፤ ጨርቅ ከለበሰ።»

«አንተ ያቆምከው እንጨት ላይማ ሞቶም ይንቀጠቀጣል።»

እሷ ሳቀች። የደም ነጠብጣብ ከትራሱ ጠፍቶ ነበር። ዳቦውም ነጭ ሆኖ ይመለሳል። አፉን ከፍቶ ሲስቅ ድዱ ጠበቅ ብሎ፣ ቀለሙም እንደ ሰው ድድ ሆኖ አየችው። ልቧ ቀለል አላት።

ቀጥሎ ያየችው ጣቶቹን ነው። መገጣጠሚያዎቹ አብጠው ቀልተዋል፤ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ጀርባውን ሰጥቷት ሲታገል አየችው። ቀኑን ሙሉ በጣቱ ሚስማር ሲለቅም ስለሚውል ነው ብላ ደመደመች። ምክንያቱ ልክ መስሏት ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጣ እጁን ዘፈዘፈችለት። እሱም እንዳለችው ዘፈዘፈ።

አንድ ቀን ጨርቅ ልታሰምር ጠመኔ አጥታ የሥራ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ገባች። ጠመኔውን አገኘች። ከሥሩ የመገጣጠሚያው ኪኒን ነበር፤ አንዲት ፍሬ እንኳ ያልጎደለበት እሽግ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ይሄ ምንድን ነው?»

አየው። «ኪኒን ነው።»

«ኪኒን መሆኑንማ አያለሁ። ሆድህ ውስጥ መሆን ሲገባው ኪስህ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ዘበኛውን ቀሰቀስኩት» አለ።

«ምን አልክ?»

«እሱ ተኝቶ አይደለም ሌባው የገባው? ልጅቷም ያለችው ይሄንኑ ነው። ኪኒኑን ተውኩት፣ ዘበኛው ነቃ፤ ይኸው ድዴን አዳነው። አላየሽም? ጠብታ ደም የለም።»

«ድድህንማ ያዳነው መፋቁ ነው።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

 በምን ታውቃለች? ሁለቱም በአንድ ሰሞን ነው የሆኑት፤ ተፋቀም፣ ኪኒኑን ተወም፣ ድዱ ዳነ። እንዴት ተብሎ ይለያል? የስልኳን መብራት አበራችና «አፍህን ክፈት» አለችው። ከፈተ። ድዱ ዙሪያውን ጤነኛ ነው። በግራ በኩል ግን ያቺ ስም ያጣችላት ቀለም እዚያው ቁጭ ብላለች። ከበፊቱ ይልቅ ጎልታ ታየቻት፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ ለቀው እሷ ብቻ የቀረች። በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ዳሯ እንደታጠፈ ሌዘር ጠጠር ይላል።

«አልሄደችም» አለች።

«ዘበኛው ገና መንቃቱ ነው። ጊዜ ስጪው።»

«ሐኪሟ ጊዜ ሰጥታው አልፏል። ነገ እንሂድ።»

«እዳው ገብስ ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ለዚች ለዚች ቢላ አይመዘዝም።»

አነጋገሩ የአናጢው ነው፤ ለካ አማክሮታል። እሷም ግቢውን ተሻግራ ልታፋጥጠው ሄደች። አናጢው መጋዙን አቁሞ አዳመጣትና፣ «የንብ ቀፎ አይነካካም ነው ያልኩት» አለ። «የኔ አጎት ቢላ እስኪነካው ደህና ነበር። ከተነካ በኋላ ነው የተነሳበት።»

«ከመነካታቸው በፊት ጤነኛ ነበሩ?»

«ጤነኛማ ምን ጤነኛ፣ መዋጥ አቅቶት ነበር እኮ።» ራሱን አከከ። «ቆይ እንጂ፤ ታዲያ በፊትም ነበረበት ማለት ነው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ማንን ልጠይቅ?» አለ።

በማግስቱ ክር ልትገዛ ነው ብላ ወጣች። እግሯ ጥርስ ሐኪም ቤት አደረሳት። ሐኪሟ በሁለት ሕመምተኛ መካከል ቆማ ሰማቻት፤ ኪኒኑን፣ ጣቶቹን፣ ያልሄደችውን ቦታ ነገረቻት። መጨረሻ ላይ ያልመጣላትን ጥያቄ እንደ ምንም አወጣችው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ዘበኛው ተኝቷል ወይስ ነቅቷል?»

«የቱ ዘበኛ?» አለች ሐኪሟ ወደ በሩ ዞር ብላ።

ማስረዳት ነበረባት። ሐኪሟ ከሰማች በኋላ ሳቅ እንደያዛት ከንፈሯ ላይ ታየ፤ ግን አልሳቀችም። «እማማ፣ ዘበኛው አንድ ሰው ቢሆን ሥራችን ቀላል ነበር። ብዙ ናቸው። አንዱ ሰክሮ ሲማታ ሌላው በሌላ በር ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ኪኒኑን በራሳቸው መተው አልነበረባቸውም፤ የመገጣጠሚያ ሐኪማቸውን ራሴ አነጋግራለሁ። ድዱ የዳነው በመጽዳቱና በመቦረሹ ነው። ይቺ ቦታ ያልዳነችው ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለዚህ ነው ቅንጣቷን የምፈልገው።»

«ቢላ ሲነካው ይሠራጫል የሚሉትስ?»

«በመቆረጡ አይሠራጭም። ካለ፣ ሳይታወቅ ሲቆይ ነው የሚሠራጨው። ይዘዋቸው ይምጡ።»

ክር ሳትገዛ ተመለሰች። ብዙ ናቸው ነው ያለችው? እንግዲህ ከአንድ ዘበኛ ወደ አንድ ጭፍራ መሆኑ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ። ከሰማችው ሁሉ አጥብቃ የያዘችው «አላውቅም» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ከተነገሯት ነገሮች ሁሉ ያለ ምሳሌ የተነገራት እሱ ነው።

ወርክሾፑ ስትገባ ባሏን ለደንበኛ የሚሰጥ ሶፋ ፊት ተንበርክኮ አገኘችው። ሽፋኑን እሷ ሰፍታ ጨርሳለች፤ የቀረው ከታች መምታት ነው። መዶሻውን በሁለት እጁ ይዟል። ሚስማሩን ማን ይያዝለት? አስቀመጠውና ያበጡ ጣቶቹ ከቆርቆሮው አንዷን አነሱ፣ ጣሉ፤ አነሱ፣ ጣሉ። አይቷት እንዳላየ ሆነ።

 ካፖርቷን ሰቀለች፣ አጠገቡ ተንበረከከች፣ ከቆርቆሮው አንድ ጭብጥ አፈሰችና እሱ ሲያደርግ እንዳየችው ወደ ግራ ጉንጯ ወረወረችው።

አፏ ብረት ብረት አላት። አንዷ ድዷን ወጋቻት። በምላሷ አገላብጣ ራሷን ለማስቀደም ስትታገል ባሏ ክንዷን ያዘ።

«ትፊው።»

ረዘም ያለችውን፣ ወደ ታች የምትወርደውን «እም» አለችው።

«ትፊው አልኩሽ።» ድምፁ ተሰበረ። ያበጠ እጁን ዘርግቶ መዳፉን አገጯ ሥር አደረገ፤ ሰው ለሕፃን እንደሚያደርገው። «አይሆንም። አንቺ አይሆንም። ትፊው።»

መዳፉ ላይ ተፋችው። የረጠቡት ሚስማሮች መካከል ቀጭን የደም ክር ነበረች። ሁለቱም አዩዋት።

«እዳው ገብስ ነው ስትል አልነበር?» አለችው።

«ለኔ ነው ያልኩት» አለ። ሚስማሮቹን ወደ ቆርቆሮው መለሰ። «ላንቺ አላልኩም።»

ከዚያ ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ጃኬቱንም አነሳ። ቁልፎቹን እሷ ቆለፈችለት።

ቅንጣቷን መቁረጥ ለመፍራት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ሐኪሟ መርፌ ወጋችው፣ ጠበቀች፣ ከምስር የማትበልጥ ነገር ቆርጣ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ጣለች። ቀዳዳውን በአንድ ስፌት ዘጋችው። ሚስት አንገቷን አስግጋ ቋጠሮውን አየች፤ ንጹሕ ነበር። ባል በደነዘዘ ከንፈር ሁለት ጊዜ አጉረመረመ፤ በጣቱም ከጭንቅላቱ ኋላ ጠቆመ።

«አመማቸው እንዴ?» አለች ሐኪሟ ደንግጣ።

«አላመመውም» አለች ሚስት። «ራስ መደገፊያው ተተርትሯል ነው የሚልሽ። የሰፋው ሰው ይፈር ይላል።»

ሐኪሟ አሁን ሳቀች።

ውጤቱ እስኪመጣ እሷ ሽፋን አጣማ ሰፋች፤ ስትተረትር አምሽታ እንደገና አጣማ ሰፋች። ውጤቱ የመጣ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙ።

«ካንሰር አይደለም» አለች ሐኪሟ።

ሚስት ትንፋሿ ወጣ።

«ግን ምንም አይደለም ማለትም አይደለም። የሥጋው ጠባይ መለወጥ ጀምሯል። ዝም ከተባለ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ አንጠብቅም። ቦታዋን ከነዳርቻዋ አንስተን እናወጣታለን። ከዚያ በየጊዜው እየመጡ አያለሁ። የመገጣጠሚያ ሐኪሙ ኪኒኑን በአነስተኛ መጠን ይጀምሩ ብለዋል። ድዱን እንደ እስካሁኑ በደንብ ይያዙ፤ የተቆጣ ድድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ቶሎ አይለይም።»

«ሚስማሩ ነው ያመጣው?» አለ ባል።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ኪኒኑ ነው?»

«አላውቅም። ድዱም ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ተባብረው ሊሆን ይችላል፣ አንዳቸውም ላይሆኑ ይችላሉ።»

ሚስት፣ ደስ ይበለን ወይስ እንዘን ብላ ልትጠይቅ አሰበች። ጥያቄው የሐኪም ስላልመሰላት ዋጠችው።

አናጢው ሲነገረው መጋዙን አቆመ። «አልሸሹም ዞር አሉ ነው» አለ። ቀጥሎም የራሱ አባባል እንዳላማረው ሁሉ፣ «ዞር ማለቱም ቀላል አይደለም» ብሎ ወደ መጋዙ ተመለሰ።

ቦታዋ ወጣች። አፉ እስኪድን ሾርባ ጠጣ፣ ኪኒኑን በፊቷ ዋጠ፣ ጣቶቹም ቀስ በቀስ ወደ ልካቸው ተመለሱ። ወደ ሥራ በተመለሰ ቀን ቆርቆሮውን ሊጎትት ሲል ቀደመችው። ወንበሯን ከስፌት መኪናዋ አስነስታ አጠገቡ አደረገች። ሚስማሮቹን በመዳፏ ዘርግታ፣ ራሳቸውን ወደ እሱ አዙራ ያዘችለት። ማግኔቱ መጣና አንዷን ለቀማት። ጠቅ፣ ጠቅ።

«እኔ ምለው» አለች፣ ሶፋው ግማሽ ሲደርስ። «ዳነ ነው ያለችን ወይስ ይጠበቅ ነው ያለችን?»

አፉ ባዶ ነው። የፈለገውን ሁሉ ሊናገር ይችላል። መዶሻውን አየር ላይ አቁሞ አሰበና፣

«እም» አለ።

አጭርም ረጅምም አልነበረችም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አላለች። ምን ማለት እንደሆነች ልትጠይቀው ፊቱን አየችው። እሱም እሷን የሚጠይቅ ይመስላል። መዳፏን ወደ መዶሻው ጠጋ አደረገችለት።